ረስቼ ነው

በሰሜን እንግሊዝ፥ በዌርዴል ሸለቆ፣
ወንዱ እርሳስ ሲቆፍር ከመሬት ሥር ጠልቆ፣
ሴቷ በእርሳስ ጫፍ ላባና ጽጌረዳ
ትነድፍ ነበረ ለሙሽራ ጓዳ፤
ጥጡን በሁለት ጨርቅ መሐል አስተኝታ፣
የነደፈችውን በመርፌ ተከትላ፥ በክር አበርትታ።

እርሳስ ግን ክፉ ነው።
ስሙ «እርሳ፥ እርሳስ!» እያለ ቢጠራም፣
አንዴ ጨርቅ ከገባ ምንም አይረሳም፤
ስንቴ ታጥቦ ታጥቦ፥ ስንቴ ፀሐይ ወጥቶ፣
የአያት ስሕተት ከልጅ ልጅ አልጋ ላይ ይታያል ጎልቶ።

ኋላ ማርከር መጣ፤
ሰማያዊ ቀለም፥ ውሃ ሲነካው የሚሞት፣
ሱቅ ውስጥ በሁለት ፓውንድ የሚሸጥ ምሕረት።

ሙሪየል ወደደችው።
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፥ እጇ ይንቀጠቀጣል፤
«ብሳሳትስ ምን ገዶኝ፥ ውሃ ይቅር ይለኛል።»

ኤልሲ መስፋት እንጂ መንደፍ አይሆንላትም፤
ባዶ ነጭ ጨርቅ ስታይ ልቧ አይረጋላትም።
አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ፥ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣
አንዷ መንገድ ስትቀድ፥ አንዷ በመርፌ ስትገባ።

በጥቅምት፥ ሙሪየል የመጨረሻዋን ነደፈች፤
ጽጌረዳ ከመሐል፥ ላባ ከዙሪያው አደረገች፤
ከአራተኛው ጥግ ስትደርስ እጇ ከዳት።
መስመሩ ተንሸዋረረ፤
ጨለማ ውስጥ ግድግዳ እንደሚዳስስ ሰው
ቀና አለ፥ ወደቀ፥ ደግሞ ቀና አለ።
ከሥሩ፥ በዚያው ቀለም፥ በደቃቅ ፊደል ጻፈችላት፦
«እዚህ ጋ ደከመኝ፥ ኤልሲ። አንቺ አቅኚው።»
በሳምንቱ ቀበሯት።

በረዶው እስኪቀልጥ ኤልሲ ሰፋች፣
ጨርቁን በእንጨት ወጥራ፥ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጣ፤
ከሰማያዊው ዝንፍ ሳትል፥ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጥልፍ፣
ላባ ላባውን ስትለቅም፥ መርፌዋ ስትጠልቅ፥ ስትወጣ።

ከዚያች ጥግ ስትደርስ መርፌዋን አስቀመጠች።
ሻይዋ ቀዘቀዘ።
ማቅናቱን ትችል ነበር፤ ማንም ይችላል፤
አላቀናችውም።
መስመሩ በተንቀጠቀጠበት እርሷም ተንቀጠቀጠች፣
ጤነኛ ጣቷን
ጉድለት አስተማረች።

መጋቢት ላይ የማጠቢያው ቀን ደረሰ።
ቀዝቃዛ ውሃ፥ ያለ ሳሙና፤ ይህን የማያውቅ የለም።
ሳይታጠብ ካውያ የነካው ቀለም
ቢጠመቅ፥ ቢዘፈዘፍ፥ ከእንግዲህ አይለቅም፤
ይህንንም የማያውቅ የለም።
«አደራ፥ ካውያ!» ይባባላሉ ሴቶቹ፣
ስለ እሳትና ስለ ልጅ እንደሚባለው።

ኤልሲ በሩን ዘጋች።
ካውያውን ሰካች።
ጽሑፉ ላይ ብቻ፥ አውራ ጣት በምታህል ቦታ
ጫፉን አሳረፈች፥ እስከ አሥር ቆጥራ፥ ተረጋግታ፤
የጋለ ጨርቅ ሽታ ሲነሣ
እጇን አነሣች።

ከዚያ ወደ ገንዳው።
ሰማያዊው ከላባው ወጣ፥ ከጽጌረዳው ወጣ፣
እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ፣
ውሃውም ለአንድ አፍታ ሰማይ መሰለና
ጠራ።
የቀረው የስፌቱ ጉድብ ነው፥ ነጭ በነጭ ላይ፤
እና አንድ ጥግ፥ የዛገች ምስማር የመሰለች፥
ቡናማ ጽሕፈት።

በነሐሴ የመንደሩ ትርኢት ሆነ።
ዳኛዋ ነጭ ጓንት አጥልቃ መጣች፤
ጎንበስ አለች፥ መነጽሯን አቀረበች፣
ጥፋት አየች እንጂ ፊደል አላነበበች።
«ስፌቱ ግሩም፤ መስመሩ እዚህ ስቷል፤ ምልክቱ አልጠፋም»
ብላ ጻፈችና አራት ነጥብ ቀነሰች።

«ምነው፥ ኤልሲ? ካውያ ነካብሽ እንዴ?» አለቻት ጎረቤቷ፣
«አንቺ እኮ ሌላውን የምታስጠነቅቂ!»

«ረስቼ ነው» አለች ኤልሲ፣
የሦስተኛነቷን ቢጫ ወረቀት አጥፋ
ኪሷ እየከተተች።